የቤት ቢላ አሳሳል፦ እጥፋቱ ጣት ላይ እስኪሰማ

የበዓል ዋዜማ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በደነዘ ቢላ የከተፈ ሰው ጥፋቱ የሽንኩርቱ እንዳልሆነ ያውቃል። የደነዘ ቢላ ሽንኩርት አይቆርጥም፤ ይጨፈልቃል። ሲጨፈለቅ ጭማቂው ይረጫል፣ ዓይን የሚያቃጥለውም አብሮ ይወጣል፣ ክትፋዩም አንዱ ደቃቅ አንዱ ወፍራም ሆኖ ድስት ውስጥ እኩል አይበስልም። ቲማቲም ላይ ሲደርስ ደግሞ ልጣጩን ማለፍ ያቅተውና ይንሸራተታል። ያኔ ነው እጅ ጉልበት የሚጨምረው። ስል ቢላ ጉልበት ስለማይጠይቅ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። የደነዘው ግን እየተገፋ ስለሚሠራ፣ ያመለጠ ጊዜ ከነሙሉ ግፊቱ ጣት ላይ ያርፋል።

ቢላን ቤት ውስጥ በደንብ ለመሳል አንድ መሳያ ድንጋይ፣ አንድ እርጥብ ጨርቅ፣ አንድ ጆግ ውሃና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ጆጉ አያንስም። የሚያስቸግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚቆም ማወቅ። ብዙ ሰው የሚያቆመው ቢላው ሊሳል ጥቂት ሲቀረው ነው።

ቢላው ምን ሆኖ ነው የደነዘው?

ስለት ማለት የቢላው ሁለት ጎኖች እየሳሱ ሄደው የሚገናኙበት መስመር ነው። ይህ መስመር በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው መታጠፍ ነው፤ ብረቱ እዚያው አለ፣ ነገር ግን መክተፊያ ላይ ሲመታ ውሎ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ሁለተኛው ማለቅ ነው፤ መስመሩ ተበልቶ ክብ ሆኗል። የታጠፈውን ማቃናት ይቻላል። ያለቀውን ግን ብረት ፍቆ አዲስ መስመር ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ስር ያዙት፤ ከእጀታው እስከ ጫፉም በቀስታ እያዘነበላችሁ እዩት። ስል የሆነ ስለት ብርሃን የሚመልስበት ስፋት ስለሌለው አይታይም። ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭ መስመር ወይም ነጥብ ካያችሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ክብ ሆኗል ወይም ተሸርፏል። የሚያብለጨልጭ ነገር ሳይኖር ቢላው ቲማቲም ላይ ካስቸገረ ደግሞ ስለቱ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣታችሁን ከቢላው ጀርባ ተነሥታችሁ ወደ ስለቱ በቀስታ አውጡት፤ በሁለቱም ጎን ሞክሩ። በአንደኛው በኩል ጣት ላይ የሚይዝ ነገር ከተሰማችሁ ወደዚያ ታጥፏል ማለት ነው። ጣት ሁልጊዜ ከጀርባ ወደ ስለት ወጥቶ ያልቃል እንጂ በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይሄድም።

ሞረድ የትኛው ሞረድ ነው?

ሞረድ በሚለው ቃል የተነሳ ብዙ ቢላ ተበላሽቷል። ሥጋ ቤት ቆራጩ ቢላውን ግራ ቀኝ የሚያፋጭበት ክብ ዘንግ ሞረድ ይባላል፤ ብረታ ብረት ቤት ያለው ጥርሳሙ መፋቂያም ሞረድ ይባላል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የሥጋ ቤቱ ዘንግ በዋናነት የታጠፈ ስለት ያቃናል፤ የሚፍቀው ብረት እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ቆራጩ በየጥቂት ደቂቃው ሁለት ሦስቴ የሚያስነካው፤ ስለቱ ሳያልቅ በመታጠፍ ላይ እያለ ይደርስበታል። ጥርሳሙ የብረት ሞረድ ግን ለማጭድና ለመጥረቢያ ነው። የቤት ቢላ ላይ ጥልቅ ጭረት ትቶ ይሄዳል፤ ጠንካራ የሆነ ቢላ ላይ ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም፣ በመጨረሻም ራሱ ሞረዱ ይደነዛል።

ቢላን ከቢላ ጀርባ ጋር ማፋጨትም ከዘንጉ ሥራ ጋር ይዛመዳል። የታጠፈውን በመጠኑ ያቃናል፤ ለዚያች ቀን ቢላው የተሳለ ይመስላል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ያለቀ ስለት ላይ ግን ድምፅ እንጂ ውጤት የለውም። ስለትን ከስለት ጋር ማፋጨት ደግሞ ሁለቱንም ይሸርፋል።

የሲኒ ቂጥ የተሻለ ነው። ከስር ያለው ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ባሕርይ አለው። በችኮላ ጊዜ ሲኒውን ወይም ትልቅ ኩባያ ደፍታችሁ፣ ቢላውን በየጎኑ ስድስት ስምንት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ብታንሸራትቱበት ቲማቲም የሚቆርጥ ስለት ታገኛላችሁ። ቀለበቱ ጠባብ ስለሆነ ቢላውን በሙሉ ርዝመቱ እኩል ለመሳል አይመችም፤ ያለቀ ቢላም አያድንም። የደጃፍ ሲሚንቶና የመንገድ ጠርዝ ግን ተዉት። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አሸዋ መጠኑ የተለያየ ስለሆነ ስለቱን እንደ መጋዝ ያደርገዋል።

ድንጋዩን መምረጥ

መርካቶ የእጅ መሣሪያ የሚሸጥባቸው ሱቆችም ሆነ በየሰፈሩ ያለ የህንፃ መሣሪያ መደብር ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ ይገኛል፤ አንዱ ገጽ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ ነው። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አጭር ድንጋይ ላይ እጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚቋረጥ አንግሉ ይዛባል። ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ወይም የመታወቂያ ካርድ ጠርዝ ገጹ ላይ አቁማችሁ በብርሃን እዩት። ከስሩ ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ ድንጋዩ ጎድጓዳ ወይም የተጣመመ ነው፤ ሌላ አስወጡ።

ቁጥር የተጻፈበት ካገኛችሁ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድንጋዩ ይለሰልሳል። 400 አካባቢ ለዓመታት ላልተሳለ ወይም ለተሸረፈ ቢላ ነው። 1000 ዋናው ሠራተኛ ነው። ከ3000 እስከ 6000 ያለው ማለስለሻ ሲሆን ቋንጣ ለመዘልዘልና ሥጋ በስሱ ለመቁረጥ ደስ ይላል፤ ለጎመንና ለሽንኩርት ግን ያለ እሱም ይኖራል። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 1000ውን ግዙ። ሁለት ገጽ ያለው ከሆነ 400 እና 1000 አንድ ላይ የያዘው ለቤት ይበቃል። ቁጥር ያልተጻፈበትን በጥፍራችሁ ፈትሹት፤ ጥፍሩን ወዲያው እንደ ሞረድ ነጭ አድርጎ የሚበላው ለመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው የሚሆነው።

ድንጋዩን በውሃ ብቻ ተጠቀሙበት። የምግብ ዘይት የሚያፈስሱበት አሉ፤ ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እንደ ሙጫ ይደርቅና የተፋቀውን ብረት ይዞ ያስቀረዋል። አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ከዚያ በኋላ ውሃ አልቀበልም ይላል፤ መልሶ ማጽዳቱም አድካሚ ነው።

ድንጋይ ለመግዛት ካልፈለጋችሁ ርካሽና ጥሩ አማራጭ አለ፤ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ውሃ የማያበላሸው ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት። ሱማሌ ተራን በመሰለ የመኪና ዕቃ ሰፈር በቁጥር ይሸጣል፤ አንዳንድ ቅጠል 400፣ 1000 እና 2000 ያዙ። ከግንባታ የተረፈ ለስላሳ የወለል ሴራሚክ ወይም ወፍራም መስታወት አርጥባችሁ ወረቀቱን ስታስተኙበት ውሃው ራሱ ያጣብቀዋል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢላውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማስኬድ ይቻላል፣ ወረቀት ላይ ግን ሁልጊዜ ጀርባው ቀድሞ ስለቱ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ስለቱ ከቀደመ ወረቀቱን ይቀደዋል።

አንግል፦ ሲሶና ሩብ

የቢላ አሳሳል ሲነሳ ሁሉም የሚፈራው አንግሉን ነው። የተለመደው የወጥ ቤት ቢላ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ብረት ያላቸው የጃፓን ዓይነት ቀጫጭን ቢላዎች 15 ዲግሪ ይበቃቸዋል። ይህን በዓይን መገመት ያስቸግራል፤ በማስመሪያ ግን ቀላል ነው። የቢላውን ስፋት ከስለት እስከ ጀርባ ለኩ። ስለቱ ድንጋዩን እንደነካ ጀርባውን የስፋቱን ሲሶ ከፍ ስታደርጉት አንግሉ 20 ዲግሪ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ሩብ ከፍ ስታደርጉት ከ15 ዲግሪ በጥቂት ያንሳል። ስለዚህ 4.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይነሳል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው 1 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ከፍታውን እጃችሁ እስኪለምድ ወረቀት አጣጥፉ፤ የወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፣ አንዴ ለሁለት ሲታጠፍ 45፣ ሌላ ጊዜ ሲታጠፍ 22.5 ይሆናል። ያንን ሹል ማዕዘን ድንጋዩ ጫፍ ላይ አቁማችሁ ቢላውን ከእሱ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስተኙ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ቁጥር ሳይሆን ያንኑ ከፍታ ይዞ መቆየት ነው። በ18 ዲግሪ ጀምሮ በ18 የጨረሰ ሰው፣ በ20 ጀምሮ መሃል ላይ 30 ከደረሰው እጅግ የተሻለ ቢላ ያወጣል።

መያዛችሁን የሚነግራችሁ ማርከር ነው። ስለቱ የሚስልበትን ጠባብ ጠርዝ በሁለቱም ጎን በጥቁር ማርከር ቀቡት። አምስት ስድስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ አስኬዱና አንሥታችሁ እዩ። ቀለሙ ከስለቱ ራሱ ላይ ከለቀቀ አንግሉ ልክ ነው። ከላይ ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ለቆ ስለቱ ላይ ጥቁር መስመር ከቀረ ቢላው በጣም ተኝቷል፤ ጀርባውን ትንሽ አንሡ። ስለቱ ጫፍ ላይ እንደ ክር የሳሳ መስመር ብቻ ከለቀቀ ደግሞ ቢላው በጣም ቆሟል፤ ዝቅ አድርጉት። ለጀማሪ ከማርከር የሚበልጥ አስተማሪ የለም።

አሳሳሉ

ድንጋዩን ሳፋ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ መልቀቁን ሲያቆም ጠግቧል፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃ የማይመጥ ጠጣር ድንጋይ ከሆነ ላዩን ማርጠብ ብቻ ነው። እርጥብ ጨርቅ አጥፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና ድንጋዩን በላዩ አስቀምጡ፤ ሲገፉት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከፍታው ወገባችሁ አካባቢ ይሁን። መሬት ቁጭ ብሎ መሳል ትከሻን ስለሚያጠፍ አንግል አያስይዝም።

ቢላው ያለቀ ከሆነ ከሻካራው ጀምሩ፤ ትንሽ ብቻ ከደነዘ ቀጥታ ወደ 1000ው ሂዱ። በቀኝ እጃችሁ እጀታውን ያዙ፣ የግራ እጃችሁን ሁለት ሦስት ጣቶች ቢላው ጎን ላይ ስለቱ አጠገብ አሳርፉ፤ ስለቱ ላይ ግን አይደለም። ድንጋዩ የሚነክሰው ጣታችሁ የተጫነበትን ቦታ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ቢላ በሦስት ወይም በአራት ክፍል ከፍላችሁ፣ ከእጀታው ስር ጀምራችሁ አንዱን ክፍል ስትጨርሱ ጣታችሁን ወደሚቀጥለው አዛውሩ። ወደ ጫፉ ኩርባ ስትደርሱ እጀታውን በትንሹ ከፍ አድርጉ፤ ካላነሣችሁት ኩርባው ድንጋዩን ሳይነካ ያልፋል።

ግፊቱ ስንት ይሁን ለሚለው የወጥ ቤት ሚዛን ጥሩ መልስ ይሰጣል። ጣታችሁን ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ አንድ ኪሎ እስኪያሳይ ተጫኑና ስሜቱን ያዙት፤ ለሻካራው ገጽ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ፣ ለለስላሳው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ በላይ መጫን ሥራውን አያፋጥንም፤ ቀጭኑን ስለት ድንጋዩ ላይ ያጣጥፈዋል፣ ድንጋዩንም ያጎደጉደዋል።

ስትስሉ ጥቁር ጭቃ ይወጣል። አትጠቡት፤ ከድንጋዩ የለቀቀው ደቃቅ ፍሬ እዚያ ውስጥ ስላለ ሥራውን ያግዛል። ድንጋዩ ደርቆ ቢላው ሲንተባተብ ብቻ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። አንዱን ጎን ስትስሉ ብረቱ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ ከስለቱ ጫፍ አልፎ ወደ ላይኛው፣ ድንጋዩን ወዳልነካው ጎን ይታጠፋል። ይህ እጥፋት በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በጣት ግን ይታወቃል። አውራ ጣታችሁን በላይኛው ጎን ከጀርባ ወደ ስለት ስታወጡት መጨረሻ ላይ እንደ ቀጭን ክር ይይዛችኋል። ጣታችሁን ካላመናችሁት ጥጥ ውሰዱና በዚያው አቅጣጫ አውጡት፤ እጥፋቱ ካለ የጥጡን ክር ይዞ ያስቀራል። እጥፋቱ መኖሩ የሚናገረው ነገር ትልቅ ነው፤ በዚህ ጎን ያለው ብረት ተፍቆ እስከ ስለቱ ደርሷል፣ ክብ የነበረው መስመር አልቋል ማለት ነው። እጥፋት ከሌለ ስለቱ ጋር አልደረሳችሁም፤ መቶ ጊዜ ብታመላልሱትም ገና ከስለቱ በላይ ያለውን የቢላውን ትከሻ ነው የምትፍቁት።

ስለዚህ አትቁጠሩ። በየክፍሉ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ያለቀ ቢላ ግን እጥፍ ሊፈልግ ይችላል። መለኪያው እጥፋቱ ከእጀታው ስር እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ መሰማቱ ነው። መሃሉ ላይ ተሰምቶ ጫፉ ላይ ከጠፋ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጨምሩ። የመጀመሪያው ጎን ሙሉ በሙሉ እጥፋት ሳያወጣ ቢላውን አትገልብጡ። ሲያወጣ ገልብጣችሁ ሌላኛውን ጎን በዚያው ከፍታ ሳሉ፤ አሁን እጥፋቱ ወደ መጀመሪያው ጎን ይዞራል።

ቀጥሎ እጥፋቱን ማውለቅ ነው። ግፊቱን ቀንሱና በየጎኑ አምስት አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ሦስት፣ ከዚያ አንድ አንድ እያፈራረቃችሁ አስኬዱ። የመጨረሻዎቹ ላይ የቢላው ክብደት ብቻ ይበቃል። ወደ ለስላሳው ገጽ አልፋችሁ ይህንኑ ድገሙ፤ እዚያ የሚወጣው እጥፋት እጅግ የሳሳ ስለሆነ ጥጥ ይሻላል። ማጠቃለያው ቆዳ ነው። የአሮጌ ቀበቶ ሻካራ ውስጠኛ ገጽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አንጥፉና ጀርባው ቀድሞ ስለቱ እየተከተለ በየጎኑ አሥር ጊዜ ጎትቱ። ቀበቶ ከሌለ አራት አምስት እጥፍ የሆነ ጋዜጣ መክተፊያ ላይ አንጥፎ ያንኑ ማድረግ ይቻላል።

ቢላውን በሳሙና እጠቡና አድርቁ፤ ደቃቅ የብረት ዱቄት ይኖርበታል። ከዚያ ጋዜጣ በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ከእጀታው ስር እስከ ጫፍ ቁረጡ። የሚይዝበት ወይም የሚቀድበት ቦታ ያልተሳለው ነው፤ ያንን ቦታ ምልክት አድርጉና ወደ ድንጋዩ መልሱት። የመጨረሻው ፈተና ቲማቲም ነው፤ ቢላው ላዩ ላይ አርፎ ሳትጫኑት ወደ ኋላ ሲጎተት ብቻ ልጣጩን ማለፍ አለበት።

ቢላው ካልተሳለ

መጀመሪያ ስል ሆኖ ሁለተኛው ሽንኩርት ላይ የሚሞት ቢላ እጥፋቱ አልወለቀም። ያ የሳሳ ክር ራሱ ይቆርጥ ነበር፤ መክተፊያ ሲነካ ግን ተኛ። ድንጋዩ ላይ በቀላሉ አንድ አንድ ጊዜ አፈራርቃችሁ ወደ ቀበቶው መልሱት።

እጥፋት አወጣሁ፣ አወለቅሁ፣ ግን ቲማቲም ላይ አሁንም ይንሸራተታል የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ስትወጣና ስትገባ አንግሉ ይወዛወዛል። ስለቱ እንደ ጎማ ክብ ሆኖ ይወጣል። ማርከሩን እንደገና ቀብቶ፣ አጭር አጭር እየሄዱ መጀመር ነው። ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ መግፋት አንግሉን ይይዛል።

ወረቀት የሚቆርጥ፣ ነገር ግን ካሮትና ዱባ ላይ እንደ ሽብልቅ የሚሰነጥቅ ቢላ ደግሞ ስለቱ ደኅና ነው፤ ከስለቱ በላይ ያለው ትከሻው ወፍሯል። ቢላ በተሳለ ቁጥር ስለቱ ወደ ወፍራሙ የብረት ክፍል ስለሚያፈገፍግ ይህ የማይቀር ነው። በሻካራው ገጽ ላይ ጀርባውን ከድንጋዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አንሥታችሁ ትከሻውን ፍቁና ከዚያ በተለመደው አንግል ሳሉት። ጎኑ ይጫጫራል፤ መልኩን እንጂ ሥራውን አይጎዳም።

ድንጋዩ መሃሉ ከጎደጎደ የትኛውም አሳሳል አይሳካም። በእርሳስ ገጹ ላይ መረብ ሥሩበት፣ ሴራሚክ ላይ ያነጠፋችሁት 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ላይ በውሃ እሹት፤ የእርሳሱ መስመር ከየቦታው እኩል ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል።

ሞራጅ ጋ ስትሰጡ

የኤሌክትሪክ ሞላ፣ ማለትም በሞተር የሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ፣ ብረትን በደቂቃ ይፍቃል፤ የተሰበረ ጫፍና ትልቅ ሽርፋት ያለውን ቢላ ለእሱ መስጠት ተገቢ ነው። አደጋው ሙቀቱ ነው። ስለቱ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ደረቅ ሞላ ላይ በሰከንዶች ይግላል። ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሷል፤ ሲሠራ የተሰጠው ጥንካሬም እዚያ ቦታ ላይ ለቋል። ቢላው ስል ሆኖ ቤት ይገባል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይደነዛል፤ ሰማያዊው ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅም እንዲሁ ይቀጥላል። ስለዚህ ሞራጁ አጠገብ ውሃ መኖሩን እዩ፤ በየማስነካቱ ውሃ ውስጥ እንዲነክረው ጠይቁት። ሽርፋቱን ብቻ አስፈቅታችሁ ስለቱን ቤት ድንጋይ ላይ ብታወጡት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሱፐርማርኬት የሚሸጠው፣ ቢላ ገብቶ የሚጎተትበት ባለ ቀዳዳ መሳያ ለርካሽ ቢላ ያገለግላል። ስለቱን ሰንጥቆ ይፍቃል እንጂ አያለሰልስም፤ ብረትም ይበላል። ሦስት አራት ጊዜ ያለ ግፊት ይበቃዋል። ጥሩ ቢላ ግን አታስገቡበት።

ስለቱን ማቆየት

የሥጋ ቤት ዓይነት ዘንግ ካላችሁ በሳምንት አንዴ፣ ወይም ብዙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አስነኩት። ዘንጉን ጫፉን እርጥብ ጨርቅ ላይ ተክላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ቢላውን በዚያው 20 ዲግሪ ከላይ ወደ ታች፣ ከእጀታው ስር ወደ ጫፍ እየሳባችሁ በየጎኑ አራት አምስት ጊዜ አፈራርቁ። ድምፅ እስኪያሰማ መምታት አያስፈልግም። ይህ ሲደረግለት የሰነበተ ቢላ ድንጋይ የሚያስፈልገው በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነው። ጠንካራ የጃፓን ዓይነት ቢላ ላይ ግን የብረት ዘንግ አትጠቀሙ፤ ስለቱ ከመታጠፍ ይልቅ ይሸረፋል።

ቢላን ፈጥኖ የሚጨርሰው የሚቆረጠው ነገር ሳይሆን ከስሩ ያለው ነው። ሳህን ላይ ሥጋ መቁረጥ፣ የግራናይት ጠረጴዛ ላይ ሎሚ መሰንጠቅ፣ የመስታወት መክተፊያ፣ ሁሉም የአንድ ሳምንት ስለት በአንድ ከሰዓት ይጨርሳሉ። የዋንዛ ወይም ሌላ ለስለስ ያለ እንጨት ጥሩ ነው፤ ወፍራም ፕላስቲክም ይሆናል። የተከተፈውን ወደ ድስት ስትገፉ ቢላውን ገልብጡና በጀርባው ግፉ፤ በስለቱ መጥረግ በትክክል የሚያጣጥፈው እንቅስቃሴ ነው። ዱባ ውስጥ የገባ ቢላ አይጠመዘዝም፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይም ዱባው ይገለበጣል። አጥንት ሥጋ ቤቱ በመጥረቢያው ይስበርላችሁ፤ ዶሮ ሲበለት ስለቱ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ይለፍ እንጂ አጥንቱን አይምታ።

ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው ማጠብና ማድረቅ ነው። ስቴንለስ የተባለውም ቢሆን በረኪና ውስጥ ካደረ ነጠብጣብ ቀዳዳ ያወጣል፤ ጨውና ሎሚም እንዲሁ ስለቱን ይበሉታል። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራ ካላችሁ ክረምት ላይ በአንድ ሌሊት ሊዝግ ይችላል፤ ደረቅ አድርጋችሁ እጅግ ስስ ነጭ ቫዝሊን ቀቡት። የኑግና የተልባ ዘይት አየር ሲያገኙ እየደረቁ እንደ ሙጫ ስለሚይዙ ለዚህ አይሆኑም። የጀመረ ዝገት በእርጥብ አመድና በጨርቅ ታሽቶ ይለቃል።

መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያና ሹካ ጋር የተወረወረ ቢላ በየመክፈቱ ይመታል። ከዕቃ ካርቶን አፎት ሥሩለት፤ በቢላው ስፋት ሁለት እጥፍ ቆርጣችሁ አጥፉና ክፍቱን ጎንና ጫፉን በፕላስተር ዝጉት።

ድፎ ዳቦ የሚቆረጥበት ጥርሳም ቢላ ድንጋይ ላይ አይሳልም። ከአንድ በኩል ያለውን እያንዳንዱን ጎድጓዳ፣ እርሳስ ላይ በተጠቀለለ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አራት አምስት ጊዜ ፍቁና በጠፍጣፋው ጎን የወጣውን እጥፋት አንዴ ጋዜጣ ላይ ጥረጉት።

ቢላ የሳላችሁ ቀን ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገሩ። የደነዘውን ቢላ በጉልበት መግፋት የለመደ እጅ በማግስቱም ያንኑ ጉልበት ይዞ ይመጣል፤ ሳፋ ውስጥ አረፋ ስር የተረሳ ስል ቢላም አይታይም። ለብቻው ይታጠብ፣ ለብቻው ይድረቅ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ወደ አፎቱ ይመለስ።